ጓሮውን ሲሚንቶ ከማልበሳችሁ በፊት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው እዚሁ አዳማ ካለች የሁለት ልጆች እናት ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰኔ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን 12 ካሬ ሜትር ቦታ ቆፍሬ አትክልት ተከልኩ። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ጎመን። የሽንኩርቱን ዘር የላከችልኝ ስዊድን ያለችው እህቴ ናት። ለዘር፣ ለችግኝ፣ ለፍግ፣ ለዶማና ለውኃ ጎማ 4,600 ብር አወጣሁ። ጎመኑን እስኪተርፈን በላን፤ ለጎረቤትም ሰጠሁ። ሌላው ግን አልሆነልኝም። ቲማቲሙ መጀመሪያ ያምር ነበር። የሰባት ዓመቷ ልጄ በየጠዋቱ እየወጣች ፍሬውን ትቆጥር ነበር። 23 ደርሳ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅጠሉም ፍሬውም ጠቆረ። ድንቹም አብሮት ሄደ። ሽንኩርቱ እስከ ዛሬ ቅጠል ብቻ ነው። ካሮቱ እግር አወጣ። ሰላጣው በዝናብ በሰበሰ። ልጄ እያለቀሰች ‹እማ፣ ምን አድርገን ነው?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። አሁን ባለቤቴ ጓሮውን ሲሚንቶ እናልብሰውና ልብስ ማስጫ ይሁን ይላል። እኔም ልስማማ ምንም አልቀረኝም። እጄ ለአትክልት አይሆንም ማለት ነው? ወይስ አዳማ ራሷ ናት የማትሆነው?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልቤን የያዘው የልጅሽ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ምን አድርጋችሁ ነው? ምንም አላጠፋችሁም። ጥሩ ችግኝ በማይሆን ወር ተከላችሁ፤ ያ ብቻ ነው። ይህን የምለው ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ማስረጃው ራሱ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ።

«ድንቹም አብሮት ሄደ» ብለሻል። ነገሩን የሚፈታው ይህ ነው። ቲማቲምና ድንች ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን የያዘ በሽታ ሌላውንም ይይዛል። መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ውኃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣል። ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ግንዱ ይጠቁራል፤ ፍሬው ላይ ደረቅ ያለ ቡናማ ጠባሳ ይወጣል። ገበሬው ዋግ ይለዋል፤ «ምች መታው» የሚሉም አሉ። ይህ በሽታ ቀዝቀዝ ያለ አየርና ለረጅም ሰዓት ረጥቦ የሚቆይ ቅጠል ይፈልጋል። ነሐሴ ላይ አዳማ ሁለቱንም ትሰጠዋለች። ሌሊቱን ሲዘንብ ያድራል። ጠዋት ደመናው አይገለጥም። ቅጠሉ እስከ ቀትር አይደርቅም። በሽታው ደግሞ በነፋስ ስለሚዛመት አጥር አይመልሰውም። አንዴ ከገባ አንድ ሳምንት ይበቃዋል።

ለልጅሽ ይህንንም ንገሪያት። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ውስጥ የድንች ማሳዎችን ያጠቃውና አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሰው ላለቀበት ረሃብ መነሻ የሆነው ይኸው በሽታ ነው። አገር ሙሉ ገበሬ ያቃተውን ነገር የሰባት ዓመት ልጅ ልትመልሰው አትችልም። የእሷ ጥፋት እንዳልሆነ በደንብ ይግባት።

እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ሐምሌ ላይ 40 ችግኝ ተክያለሁ። የሸጠልኝ ሰው «ዝናብ አለ፣ ማጠጣት አያሻህም» ብሎኝ ነበር። አንድ ቲማቲም አልበላሁም። ዝናብ ለጎመን በረከት ነው፤ ለቲማቲም ግን አይደለም። ቲማቲም ሥሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን ነው የሚወደው። ይህን ለማወቅ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። በክረምት የሚያመርቱ ገበሬዎች በየጊዜው መድኃኒት ይረጫሉ። ልጅ ፍሬ በምትቆጥርበት ጓሮ ውስጥ ግን እሱን አልመክርሽም። ወሩን መቀየር ምንም አያስከፍልም።

ወደ ሽንኩርቱ ልምጣ። ይህ በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ያንቺ ሽንኩርት አልታመመም። እየጠበቀ ነው። ሽንኩርት ራስ የሚያወጣው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። ለሰሜን አውሮፓ የተዘጋጀ ዘር ራስ ለማውጣት ከ14 እስከ 16 ሰዓት የሚደርስ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። ስዊድን በበጋዋ ይህን በቀላሉ ታገኛለች። አዳማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ረጅሙ ቀናችን ከ13 ሰዓት አያልፍም፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም። የእህትሽ ሽንኩርት እዚህ ዓመቱን ሙሉ ቢቆም ያ ረጅም ቀን አይመጣለትም። ፍግ ብትጨምሪለት ቅጠሉ ይወፍራል እንጂ ራስ አያወጣም። ስለዚህ አትነቅይው። ቅጠሉን እየቆረጥሽ ለእንቁላል ፍርፍርም ለሰላጣም ተጠቀሚበት። እህትሽንም አመስግኛት፤ ፍቅሯን ነው የላከችው።

ለእኛ ሰማይ የሚሆነው ዘር በከተማችን ስም የሚጠራው ነው። አዳማ ቀይ ይባላል፤ ሻጮቹ አዳማ ሬድ ይሉታል። ያወጣው ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ከዚህ ቅርብ ነው። ቦምቤ ሬድ የሚሉትም ይሆናል። ስትገዢ በስሙ ጠይቂ፤ «የሽንኩርት ዘር ስጠኝ» ብቻ ብለሽ አትውጪ። ስትተክይ በችግኞቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዪ። የተጨናነቀ ሽንኩርት ራሱ ያንሳል።

ካሮቱ ላይ ብዙ አልቆይም። እግር ያወጣው ወይ አፈሩ ውስጥ ጠጠር ስላለ፣ ወይ ያልበሰለ ፍግ ስላገኘ፣ ወይ ችግኝ አፍልተሽ ስላዛወርሽው ነው። ካሮት መዛወር አይወድም። ዘሩን የሚያድርበት ቦታ ላይ ዝሪው፤ አፈሩን አንድ ክንድ ያህል አለስልሺው። ሰላጣውን ደግሞ አሁን ሞክሪው። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ለሰላጣ ተስማሚ ነው።

ስለ ቃሪያው ምንም አልነገርሽኝም። ይህን ሳየው ገረመኝ። ሌላው ሁሉ ምን እንደሆነ ጽፈሻል፤ ቃሪያው ግን ተረሳ። ቆሟል ማለት ነው። ከቆመ እንዳትነቅይው። ቃሪያ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በአንድ ወቅት የሚያልቅ ተክል አይደለም። የደረቀውን ጫፉን ቁረጪ፣ ሥሩ ዙሪያ የበሰለ ፍግ ጨምሪ፣ ውኃ አጠጪው። እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣል።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ ልበልሽ። ነገ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ከልጅሽ ጋር ወደ ጓሮ ውጡ። የእሷን አሮጌ ደብተር ይዛችሁ ውጡ። በእያንዳንዱ አትክልት ላይ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፤ መቼ ተተከለ፣ መቼ ተበላ፣ ምን ነካው። «ነሐሴ መጨረሻ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። የትኛው ሳምንት እንደሆነ አሁን ታስታውሻለሽ፤ ለሚቀጥለው ሰኔ ግን አታስታውሽውም። እኔ ከመጀመሪያው ዓመት የቀረኝ «ቲማቲሙ እንቢ አለ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ምንም አልጠቀመኝም። ሁለተኛውን ዓመት ያጣሁት በእሱ ምክንያት ነው።

ስትጽፉ የቀሩትን የቲማቲም ሥሮች ንቀሉና እዩ። ሥሩ ላይ እንደ ጨሌ የተደረደረ እብጠት ካለ አፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ትሎች አሉ ማለት ነው። ሥሩ ንጹሕ ከሆነ እሰዬው። እብጠት ካለ ግን ያ መደብ ዕረፍት ይፈልጋል። አርጥቢውና በንጹሕ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፍኝው። ጠርዙን በአፈር ድፈኝው። ከየካቲት ጀምሮ የአዳማ ፀሐይ ሲበረታ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ሙቀቱ ብዙውን ትል ይገድላል። በዋግ የተመታውን ግንድና ፍሬ ከብስባሹ ጋር አትቀላቅይ፤ ራቅ አድርገሽ ቅበሪው። አፈር ውስጥ የቀሩ ድንቾችም ካሉ ለቅመሽ አውጪ። በሽታው በሕይወት የሚቆየው እነሱ ላይ ነው። ቲማቲም በነበረበት መደብ ላይ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ ወይም ደበርጃን አትመልሺ። ፎሶሊያ ወይም ሽንኩርት አድርጊበት።

ጎመኑንም ጻፉት። ደብዳቤሽ ላይ በአንድ መስመር አለፍሽው። ቤተሰብ እስኪተርፈው በልቶ ለጎረቤት የተረፈ ጎመን እንዴት በአንድ መስመር ይታለፋል! የተሳካውን ነገር ምክንያት ማወቅም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል። ጎመን ዝናብና ቀዝቃዛ አየር ይወዳል። ዝናቡም ቅጠሉ ላይ የሚሰፍረውን ጥቃቅን ተባይ፣ ክሽክሹን፣ ያጥብለታል። አሁን ዝናቡ ስለሌለ ክሽክሽ ይመጣል። ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪ፤ ካለ በውኃ እጠቢው፤ በጣም የወረረውን ቅጠል ቁረጪና አስወግጂ። ሁለት ጠንካራ ግንዶች ደግሞ ሳትቆርጪ ተያቸው። ያብቡና ዘር ይሰጡሻል። ለሚመጣው ሰኔ የጎመን ዘር አትገዢም።

ይህ ሁሉ ሥራ ግን ከአንድ ሳምንት እንዲበልጥ አልፈልግም። ምክንያቱን ልንገርሽ። እህትሽ ባለችበት አገር አሁን መሬቱ ቀዝቅዟል፣ በረዶም ይጥላል። የጓሮ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያለፈውን የሚያስብበት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር የሚመርጥበት ወራት አለው። እኛ ጋ መሬቱ አይተኛም። ታኅሣሥ አዳማ ላይ የጓሮ መዝጊያ አይደለም። ውኃ ላለው ሰው ዋናው የአትክልት ጊዜ አሁን ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቅጠሉ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ቲማቲምም፣ ሽንኩርትም፣ ሰላጣም፣ ካሮትም፣ ቆስጣም የሚወዱት ይህንን ነው። አንቺ አልቅሰሽ ልትዘጊው ያሰብሽው ወቅቱ ገና ሲጀመር ነው።

ጥያቄው ውኃ ነው። ይህን በስሜት ሳይሆን በሒሳብ እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። በበጋው ፀሐይና ነፋስ ያደገ አትክልት በቀን በካሬ ሜትር 5 ሊትር ያህል ይጠጣል። ያንቺ 12 ካሬ ሜትር 60 ሊትር ነው። ሦስት ጀሪካን መሆኑ ነው፤ በየቀኑ። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይህ ብዙ ነው። ከቤትሽ ፍጆታ ተርፎ በቀን ስንት ጀሪካን ለጓሮ እንደሚደርስ ሳትዋሺ ቁጠሪ። ሁለት ከሆነ 8 ካሬ ሜትር ትተክያለሽ። አንድ ከሆነ 4 ካሬ ሜትር። ከዚያ በላይ ከተከልሽ ሁሉም በጥቂቱ እየተጠማ ይቆያል። ቲማቲም ደግሞ አንድ ቀን ጠጥቶ ሦስት ቀን ሲጠማ የፍሬው ታች ይጠቁራል። አትክልት ያጠብሽበት፣ ምስርና ሩዝ ያለቀለቅሽበት ውኃ አይደፋ። በረኪና ያለበትን ግን ወደ ጓሮ አታስጠጊ።

ውኃውን የሚሰርቅሽ ፀሐይ ብቻ አይደለም፤ ነፋሱም ነው። የአዳማን የበጋ ነፋስ ታውቂዋለሽ። ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ማዳበሪያ ጆንያ በእንጨት ወጥሪ፤ ወይም የሸንኮራ አገዳና የበቆሎ ተርታ አቁሚ። መሬቱን ደግሞ ጉዝጓዝ አልብሺው። አሁን የጤፍ ውቂያ ጊዜ ስለሆነ ጭድ በየአካባቢው አለ፤ ከሐምሌ ጋር ስታነጻጽሪው ርካሽ ነው። አራት ጣት ያህል ውፍረት አንጥፊ፤ ግንዱን ግን አያስነካ። አፈራችን ቀላልና አሸዋማ ነው፤ ውኃ አይዝም። ጉዝጓዝ ያለውና የሌለው መደብ ላይ እጅሽን ከተሽ ብታዪ ልዩነቱን ሰው ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ። ለቲማቲሞቹ አሮጌ ሃይላንድ ቂጡን ቁረጪ፣ ክዳኑን በመርፌ ብሺ፣ ዘቅዝቀሽ ሥሩ አጠገብ ቅበሪው። ስትሞይው ውኃው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ቅጠሉም አይረጥብም።

ስለ ባለቤትሽ። እሱን አልነቅፈውም። 4,600 ብር ወጥቶ ልጁ ስታለቅስ አይቷል። ግን አብራችሁ ተቀመጡና ሁለት ነገር ተነጋገሩ። አንደኛ፣ ዶማውና ጎማው አሁንም አሉ፤ የሚቀጥለው ወቅት ወጪ የዚያን ያህል አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከተማችን በክረምት ከዙሪያው ኮረብታ በሚወርድ ጎርፍ ትቸገራለች። ክፍት አፈር ውኃ ይጠጣል፤ ሲሚንቶ ግን ወደ ቤታችሁ ወይም ወደ ጎረቤት ይልከዋል። የልብስ ማስጫው ጥያቄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። የውኃ ሒሳቡ 8 ካሬ ሜትር ካላችሁ የቀረው 4 ካሬ ሜትር የእሱ ይሁን። ጠጠር አፍስሱበትና ገመድ ወጥሩ። ከአጥሩ ጥላ በኩል ከሆነ ደግሞ ለቲማቲም ቀድሞም የማይሆን ቦታ ነው።

ለቲማቲሙ አሁን ዘር አትዝሪ። ከዘር እስከ ችግኝ አንድ ወር ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ፍሬው የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ላይ ይደርሳል፤ አበባውም ይረግፋል። ችግኝ ግዢ፤ ስድስት ብቻ። ቅጠሉ ያልተጠማዘዘ፣ ግንዱ ወፈር ያለ ምረጪ። ታኅሣሥ ሳያልቅ ትከሉት። ጉድጓዱን ልጅሽ ትቆፍር። የታችኛዎቹን ቅጠሎች ቆርጣችሁ ግንዱን እስከ ግማሹ ቅበሩት፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። እንጨት አቁማችሁ በጨርቅ ቁራጭ እሰሩት። በበጋም ጠላት አለው። ቅጠሉ ውስጥ ነጣ ያለ መንገድ እየሠራ የሚበላ ትል አለ። ልጅሽ የዓይኗ ነገር ጥሩ ስለሆነ እሷ ትፈልገው። እንዲህ ያለ ቅጠል ስታገኝ ቆርጣ በፌስታል ውስጥ ትክተት፤ ፌስታሉን አስራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት።

ደብተሩን ኩሽና ግድግዳ ላይ ስቀሉት። እንደ ግምቴ ቆጠራው የካቲት አጋማሽ ላይ ይጀመራል። 23 ሲያልፍ ጻፊልኝ።